የሰይድ ማንጎ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ሁሉ እናዘዛለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ሰው አልገደልኩ፣ አልሰረቅኩ፣ ለአንድ የማንጎ ቀንበጥ ብዬ ቄስ ላስቸግር? እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳታልል ዓመታት ሄዱ። እናንተ ግን ስሙኝ።

ቆቦ ዳር ባለ ችግኝ ጣቢያ፣ የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ በሌላ ችግኝ ላይ እየገጠምኩ ማንጎ አዳቅላለሁ፤ ፍሬው የቀንበጡን ዛፍ ይወርሳል። እጁ አይስትም ይሉኛል። ይህን ስም ከምንም በላይ እወደው ነበር።

እመት ዘሀራ ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ሰይድ ተማሪ ሳለ ዋጃ ገበያ የበላውን የማንጎ ፍሬ አምጥቶ ጓሮ ቀበረው፤ በቀለ፣ አፈራም። ሰይድ ሲያድግ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በባሕር ሄደ። መርዶው መጣ፣ ሬሳው አልመጣም። እናቱ የሚቀመጡበት መቃብር ስለሌላቸው ከዛፉ ሥር ይቀመጡ ነበር። ኋላ ዛፉ ተባይ ገባበትና ከአንድ ቅርንጫፍ በቀር ደረቀ። ወንድማቸው ቆርጠን የሚከራይ ክፍል እንሥራበት እያለ ቢወተውታቸው፣ ዘሩ ሌላ ቦታ ሳይተርፍ አይነካም አሉ። ከዚያም ሦስት ቀንበጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ።

ሦስቱንም በሦስት ችግኝ ላይ ገጠምኩ፤ መጋጠሚያውን በላስቲክ አሰርኩ። የቀረኝ ሥራ፣ ሻማ አቅልጬ የቀንበጡን ጫፍና የላስቲኩን ጠርዝ መድፈን ነበር። የራያ ፀሐይና ነፋስ ያልተደፈነ ቁስል አይምርም፤ ይህን ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ሻማ አልቆብኝ ነበር። ሱቁ አስፋልቱን ሲሻገሩ ነው። ጎብዬ ከተማ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበርና ሚኒባሱ ሲያጣድፈኝ፣ ስመለስ እደፍነዋለሁ ብዬ ሄድኩ። ረስቼ አይደለም። እያወቅኩ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ሦስቱም ጠቁረው ደርቀዋል።

ያኔ እንኳ ምን ጠፍቶ ነበር? ቅርንጫፉ ቆሟል። ሌላ ቀንበጥ ቁረጡልኝ ማለት ብቻ ነበር። ግን እጁ ሳተ ይባላላ! ሆድ ይፍጀው አልኩ። ከመደዳው የሌላ ማንጎ ቀንበጥ የተዳቀለበትን፣ የለመለመውን ችግኝ አነሳሁና የሰይድ ነው ልላቸው ለብቻው አስቀመጥኩት።

እመት ዘሀራ መጥተው ያዘ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይዟል አልኳቸው። አንዲት ቃል ናት። እሷን አምነው በማግሥቱ ዛፉን አስቆረጡት። የመጥረቢያው ድምፅ ችግኝ ጣቢያው ድረስ ይሰማኝ ነበር። ሮጬ ማስቆም እችል ነበር። እኔ ችግኝ ውሃ አጠጣ ነበር።

የሰጠኋቸውን ችግኝ ፍየል እንዳይበላው በእሾህ አጥረው፣ ለሶላት ከሚታጠቡበት ከውዱ የተረፈ ውሃ እያጠጡ አሳደጉት። ሰይዴ እያሉ ሲያናግሩት በአጥር ወዲህ እሰማለሁ። ስንቴ እንደሰማሁ እኔ አውቃለሁ።

ዘንድሮ አፈራ። አንተ ሳትኖር አይቀመስም ብለው አስጠሩኝ። ልጠው ጎረሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ጣዕሙን አጣሁት» አሉ።

ቀና ብለው ፊቴን ሲያዩ ለሳቸው ያዘንኩ መሰላቸው።

«አብሽር ልጄ። ጥፋቱ የምላሴ ነው፣ እርጅና ነው። አንተማ ልጄን መለስክልኝ፣ አላህ ይስጥህ።»

ምን ነበር ያኔ ብናገር? ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከፍሬው አይቀምሱም። ጣዕሙን የሚለይ ይብላው እያሉ ለጎረቤት ያድላሉ። ዝም ያልኩት ለሳቸው አዝኜ ነው ልበል? በእርጅናቸው ልጃቸውን ሁለተኛ ልቅበርባቸው? ጥሩ ሰበብ ነው፣ ግን ውሸት ነው። ያኔም ዛሬም የፈራሁት ለስሜ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ የተበደሉ መሆናቸውን አያውቁም።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ማንጎ ላኩልኝ። አንዱን በላሁት። ይጣፍጣል። የእመት ዘሀራ ምላስ ግን ልጃቸውን አልረሳም።