ቁልፉን ከመጠምዘዛችሁ በፊት

ቡሬ ላይ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር የከባድ መኪና ሞተር የሚጠግኑትን ጋሼ ወልደ ዮሐንስን አንድ ተራ የሥራ ቀን የሚያስከፍላቸውን ልንገራችሁ። ከጉልበታቸው የሦስት ሰዓት መንበርከክ፣ ከእጃቸው ናፍጣ የሚያቃጥለው አንድ አዲስ ጭረት፣ ከጆሯቸው ደግሞ ትንሽ ትንሽ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲከፍሉ ቀኝ ጆሯቸው አለቀ፤ ግራውም ተከተለ።

ማንም አላወቀባቸውም። ሞተር ሲፈትሹ ረጅም ካቻቢቴ በጥርሳቸው ነክሰው ጫፉን ብረቱ ላይ ያስደግፋሉ፤ ንዝረቱ በመንጋጋቸው ይገባል። ሾፌሮቹ የተለየ ጥበብ ይመስላቸው ነበር።

«ካወቁብኝማ አለቀልኝ» አሉኝ ኋላ። «ዜማ የማይሰማ መሪጌታ ብለው ይስቁብኛል። ማን መኪናውን ይሰጠኛል?»

እኔ ያወቅሁት ባለቤቴ አብተው የሚነዳው አይሱዙ ከፍኖተ ሰላም በቆሎ ጭኖ ሲመጣ ማንኩሳ ላይ ውሃ ጨርሶ የጋለ ጊዜ ነው። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታ የሚሉት፣ ተሰንጥቆ ነበር። ተጎትቶ ቡሬ መጣ።

ጋሼ ሁለት ቀን ለፉበት። አዲሱን ቴስታታ ገጠሙ፤ ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር በተራ አጠበቁ፤ ማርሾቹ ላይ የተቀረጹትን ምልክቶች ነጥብ ከነጥብ አገናኙ። ነጥቡ ከሳተ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ የሁለት ቀን ልፋት በአንድ ጩኸት ይጠፋል። ስለዚህ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በእጅ ሁለት ዙር ይዞራል። ለዚሁ መፍቻ ይዘው ከሥር ገቡ። አብተው መሪው ላይ ተቀምጧል። እኔ ልጄን አዝዬ ምሳ ይዤ ቆሜአለሁ።

«ጋሼ፣ ላስነሳው?» አለ። መልስ የለም።

«ጋሼ?» አለ ደግሞ፣ ዝቅ አድርጎ።

«ኧረ ጮክ በል፣ አልሰሙህ እንደሆነስ!» አልኩት።

«በአባቴ እኩያ ላይ ልጩህ? ዝም ካሉ ፈቅደዋል» አለና ቁልፉን ጠመዘዘው።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ዝም ሲል እሺ ማለቱ ነው። ያን ቀን ግን ሞተሩ ሲነሳ መፍቻው እጃቸው ላይ እንዳለ አብሮ ዞረ። ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ሄደ።

ሆስፒታል አብተው አልጋቸው ሥር ወድቆ ሲያለቅስ፣ «ተነሳ ልጄ፤ ጆሮዬን የደበቅሁት እኔ ነኝ» አሉት።

ሲመለሱ በዚያ የነበሩትን ሦስት ሾፌሮች ሰብስበው እውነቱን ነገሩ። ሁለቱ እዚያው መኪናቸውን ይዘው ሄዱ። ቂርቆስ የሚባለው ሾፌር ብቻ፣ «ጋሼ፣ እኔ ሞተሬን ላሠራ እንጂ ወሬ ላወራ አልመጣሁም» ብሎ ቀረ።

የእኛን መኪና ራሳቸው ጨረሱት። የማርሹን ነጥብ በግራ አውራ ጣታቸው ዳብሰው አረጋገጡ፤ ሁለት ዙር አዞሩ፤ ከሥር ወጥተው አብተው ፊት ቆሙና እጃቸውን አነሱ። አብተው ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ ተነሳ። ካቻቢቴያቸውን ነክሰው ቆዩ፣ ከዚያ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አሁን አንድም መኪና የማይመጣበት ሳምንት አለ። ልጄ አድጎ ሥራ ይማርልኛል ብዬ የማስበው ግን አሁንም እሳቸው ዘንድ ነው። ይህን እንድጽፍ የጠየቁኝም እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸው ይኸው፦

«ሥራ እችላለሁ፤ መኪናችሁን አምጡልኝ። ስትመጡ ከፊቴ ቁሙ። ዝም ካልኩ አልሰማሁም ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ነው ብላችሁ አትፈሩኝ፣ ትከሻዬን ነቅንቁኝ። እጄ ሲነሳ በዓይናችሁ ሳታዩ ቁልፉን አትንኩብኝ።»