የተበላሸው አፈር

እናታችን ካረፈች በኋላ ታላቅ ወንድሜና እኔ ከከተማ ወጣ ብሎ ቡሹሎ ባለው መሬቷ ላይ ለአበባ ማጀቢያ የሚቆረጥ ቅጠል ማልማት ጀመርን። ሰርግ የሚያስጌጡ ሰዎች ከከተማ እየመጡ ይወስዱልን ነበር። ተክሎቹ የሚያድጉት በፕላስቲክ ከረጢት ስለሆነ አፈሩን ከጫካ ቆፍረው ከሚያመጡ ሰዎች እንገዛለን። አንድ ቀን ወንድሜ የሚቆፍሩበትን ቦታ ሄዶ አየ።

«የዛፉ ሥር ሁሉ ተራቁቷል፤ ከእንግዲህ ከዚያ አንድ አካፋም አልገዛም» አለኝ ሲመለስ።

ከዚያ በኋላ የቡና ገለባ፣ የስንዴ ጭድና የከብት ፍግ ቀላቅሎ፣ ውሃ እያጠጣና እያገላበጠ፣ የራሳችንን አፈር ማዘጋጀት ያዘ። የመጀመሪያው ሲደርስ ጥቁርና ልል ነበር። እየዘገነ ያስሸትተኝ ነበር። ተክሎቹም ተስማማቸው። ወንድሜን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

በዓመቱ ግን አዲስ የሚወጣው ቅጠል ሁሉ እየተጠቀለለ መጣ። በሽታ መስሎን የታመመውን ቆረጥን፤ አልተሻለውም። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር የአፈር ባለሙያ ለምነን አመጣን።

«ጭዱ ከየት ነው የመጣው?» ብላ ወንድሜን ጠየቀችው።

«ከስንዴ እርሻ።»

«አረም ማጥፊያ የተረጨበት ይመስለኛል። አንዳንዱ መድኃኒት ጭዱ ከበሰበሰም በኋላ ቶሎ አይለቅም። ቦሎቄ ይዝሩበት፤ ቀጥ ብሎ ካደገ አፈሩ ጠርቷል ማለት ነው።»

«እስከ መቼ ልጠብቅ?»

«እሱን አላውቅም። ለምን እዋሽዎታለሁ?»

ቦሎቄው ተጣምሞ ወጣ። ወንድሜ ነቅሎ እንደገና ዘራ፤ ያም ተጣመመ። ክረምቱ አልፎም ያው ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት የአፈሩን ክምር አይተው ለጓሯቸው ጎመን የሚሆን እንዲሰጣቸው ለመኑት።

«እማማ፣ ጎመንዎን ያደርቅብዎታል» አላቸው።

የሰሰተባቸው መስሏቸው ተቀይመው ሄዱ። እስከ ዛሬ ሰላም አይሉንም።

ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይወስደው ጉድጓድ ቆፍረን ሁሉንም ቀበርነው። ወንድሜ ሲጨርስ አካፋውን እዚያው ጥሎ መንገድ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቡሹሎን አልረገጠም። ከተማ ውስጥ ታቦር ያለው ቤታችን በር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ምሳም ካልጎተጎትኩት አይበላም። አንዳንዴ፣ «በትንሹ እንደገና ብንጀምርስ?» እለዋለሁ።

«በምን አፈር ላይ?» ይለኛል።

እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ።