አንድ ቃል ወደ ዘ ሄግ

ጥቅምት 1974 ዓ.ም.፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ አምስተርዳም ኖርድ

ጀልባው ገና አልተነሣም፤ እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ጋሽ ቻን ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እኔ ሳህን በማጥብበት ምግብ ቤት ዋናው አብሳይ ናቸው። «ጋሽ» የምላቸው ስለሚበልጡኝ ነው፤ እሳቸው የሆላንድ ቃል ይመስላቸዋል።

ታናሽ ወንድማቸው ከቻይና እስር ቤት አምልጦ፣ ባሕር ዋኝቶ ሆንግ ኮንግ ገባ። እዚያ የሚገዙት እንግሊዞችም አሰሩት። ቻይና «እስረኛዬን መልሱ» ትላለች፤ እንግሊዝ «ውል የለንም» ትላለች፣ ደግሞም ቻይናን ማስቀየም አትፈልግም። ከተመለሰ ይረሽኑታል። ዘ ሄግ ላለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ይህን ማመልከቻ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም መዝገበ ቃላት ተደግፌ።

3 ሰዓት፣ ሮተርዳም

ዝናብ። የአጎታቸው ልጅ ጣቢያው ድረስ መጥታ የወንድምየውን ፎቶግራፍ ሰጠችን። ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት ገዛሁ፣ ሁለት ጉልደን።

«ይብሉ እንጂ ጋሼ፣ መንገድ ነው።»

«አልወርድ አለኝ» አሉ ፎቶግራፉን እያዩ። «ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ባቡሩ አሥር ደቂቃ ዘገየ። እኔ መድረኩን ስመላለስበት ቆየሁ።

5 ሰዓት፣ ዘ ሄግ

የኤምባሲው መስኮት ጋ ያለችው እንግሊዛዊት መነጽሯን አድርጋ አነበበች። አንድ ቃል ላይ እርሳሷ ቆመ።

«እስረኛን ለሌላ መንግሥት ማስረከብ የራሱ ቃል አለው» አለችኝ። «እርስዎ የጻፉት ይሁዳ ያደረገውን ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በእኛ ቋንቋ ይሁዳም አሳልፎ ሰጠ፣ መንግሥትም አሳልፎ ይሰጣል። መዝገበ ቃላቱ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ደርድሮልኝ ነበር፤ እኔ የፊተኛውን አነሣሁ። እንዳርመው እስክሪብቶ አቀበለችኝ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ቻን።

በወጥ ቤቷ ሆላንድኛችን አስረዳኋቸው።

«ይሁዳ ማነው?»

«አብሮ በልቶ ወዳጁን ለገዳዮቹ የሰጠ ሰው ነው።»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱና ለሴትየዋ መለሱላት።

«አትንካው። ማለት የፈለግሁት እሱን ነው።»

ሴትየዋ አየቻቸው። ማኅተሙን መታችና «መልሱ በፖስታ ይደርሳችኋል» አለች።

8 ሰዓት፣ ስኬቨኒንገን

ጋሽ ቻን ባሕር ካላየሁ ስላሉ በትራም መጣን። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውኃው ውስጥ ቆሙ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እንውጣ ብላቸው አልሰሙኝም።

«ከሁለቱ ቃል ያንን ለምን መረጥክ?» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ቀድሞ ስለተጻፈ ነው ጋሼ።»

እኔን ለቀበሌ አሳልፎ የሰጠኝ አብሮ አደጌ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ገባሁ።