የግንቦት ነጎድጓድና ታላቅ ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ካረፉ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ግንቦት ነው። ስለ እርሳቸው አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ።

ራዲዮኑ የአየር ጠባዩን ሲናገር ቆመው ነበር የሚያዳምጡት። በምሥራቅ ጎጃም ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል ከተባለ፣ ወጥተው ወደ ጮቄ ተራራ ያያሉ፤ ከዚያም በየማሳው እየዞሩ ጎረቤቱን ሁሉ በሬ ያስፈታሉ። ሰማዩ ቢጠራም ግድ የላቸውም። ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል፤ ተስቆባቸዋልም።

አምና ልጄ እያረሰ ሳለ ምርኩዛቸውን ይዘው ማሳው ድረስ መጡ። እኔም ምሳ አድርሼ እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ደግሞ የትኛው ደመና አስፈራዎት?» አላቸው ልጄ እየሳቀ።

«እኔ ብሳሳት የሚባክንብህ ግማሽ ቀን ነው። አንተ ብትሳሳት ግን ጥማድ በሬህን ታጣለህ፤ እኛም አንተን።»

እያጉረመረመ ፈታ። በሬዎቹ በረት ሳይደርሱ በረዶው ወረደ፤ መብረቁም ማሳው ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ ለሁለት ሰነጠቀው። ወንድሜ ያን ቀን ዳግመኛ አላነሡትም። «አላልኩህም?» ማለት አያውቁም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ራዲዮኑ ነጎድጓድ አለ ብሎ ተናገረ። ወጥቶ ሰማዩን የሚያይልን ሰው አልነበረም። ልጄ ቀንበሩን እንደያዘ የተዘጋውን የእርሳቸውን በር አየና ወደ እኔ ዞረ።

«እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

የሰማይ ነገር አላውቅም። ቢሆንም «ዛሬ አትጥመድ» አልኩት።

ቀኑን ሙሉ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጎረቤቶቻችን አርሰው ሲመለሱ ሳቁብን። ልጄም እኔም አልቆጨንም።