«በቃ» ያለኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄና ጓደኛው ፍሪጅ ተሸክመው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሲወጡ፣ የልጅ ልጄ ከታች ሆኖ «በቃ! በቃ!» ብሎ ጮኸ። ቁም ማለቱ ነበር። ጓደኛው ግን ደረስን መስሎት ለቀቀበት። እግሩ ትንሽ ተላጠ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። 

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ በነበረው ግቢያችን፣ ታላቅ ወንድሜ መኮንን አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። ወንድምጋሼ ነው የምለው። ሞተሯ ሲሞትበት መርካቶ ሄዶ ሌላ አሮጌ ሞተር አገኘና፣ ጋራዥ ምን ያደርግልኛል ብሎ ራሱ ሊቀይረው ተነሳ። መንጃ ፈቃድ ከያዘ ገና ወሩ ነው። ታክሲ ሊነዳ፣ ሊያገባ፣ ከአባታችን ቤት ሊወጣ፤ ሁሉ ነገሩ እዚያች መኪና ላይ ነበር።

ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸውን አስሮ ከመኪናዋ አፍንጫ በላይ አቆመ። ሞተሩ ከዚያ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ አጥሩ ጥግ ያለው ዛፍ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። እዚያ የቆመው ሰው ቀስ እያለ ይለቃል፣ ወንድምጋሼ ከስር እየመራ ያስገባል። ገመዱን የያዘው ጎረቤታችን ሸምሱ ነበር። ሸምሱን እወደው ነበር። ዛሬ ማንን እፈራለሁ? እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፣ ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ። የትም እንደማይደርስ እያወቅኩ ደብዳቤ ጽፌለት ደብተሬ ውስጥ ደብቄ ነበር።

ወሩ ጥቅምት፣ ቀኑ ዓርብ ነው። ግቢው የተቃጠለ ዘይትና የእናቴ የጾም ሽሮ ይሸታል። ወንድምጋሼ እጁን የሚጠርግበት ወረቀት ፍለጋ ቤት ገብቶ ደብተሬን ይዞ ወጣ። ደብዳቤውን አገኘው።

«ሸምሱ፣ ስማ እስቲ፣ ላንተ ነው!» ብሎ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ እስከ መጨረሻው አነበበው። «ስታልፍ ኮቴህን አውቀዋለሁ» የሚለውን ሁለቴ ደገመው። ሲጨርስ ዘይታም እጁን ጠረገበት።

ሸምሱ አልሳቀም። ቀና ብሎም አላየኝም። ገመዱን ዛፉ ላይ ሸብ አደረገና «ሰላት ደረሰብኝ» ብሎ ወጣ። ለጁምዓ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።

«ያባረርሽው አንቺ ነሽ፣ ነይ ያዢ እንግዲህ!» አለኝ ወንድምጋሼ።

ያዝኩ። ጠዋቱን ሙሉ ሲሠሩ ስላየሁ ቋንቋቸውን አውቀዋለሁ። «ልቀቅ» ካለ ይለቀቃል፣ «በቃ» ካለ ይቆማል። ቀስ እያልኩ አወረድኩ። ሞተሩ ቦታው ላይ ሊያርፍ ጣት ያህል ሲቀረው ቀኝ እጁን ከስር አስገብቶ «በቃ!» አለ።

ለቀቅኩት። ቁሚ ማለቱ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሐኪም ቤት ሦስት ጣቶቹን ቆረጡት። ማርሽ የሚጨበጠው በቀኝ እጅ ነው፤ ታክሲውም ሠርጉም በዚያው ቀረ። ለጠየቀው ሁሉ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። በቃ ስላት ጨረስን መስሏት ነው፣ ልጅቷ ምን ታውቃለች?» ይል ነበር። ሰው ሁሉ እኔን አጽናና። እኔም አለቀስኩ እንጂ አላስተባበልኩም።

አሁን ሰማንያ ሊሞላው ነው። እሑድ እሑድ ይመጣል፤ በዚያ እጁ እንጀራ መጠቅለል ስለሚያስቸግረው እኔ አጎርሰዋለሁ። ልጆቼ «የእህት ፍቅር እንዲህ ነው!» ይላሉ። ልነግረው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ግን ስለ ደብዳቤው አንድ ቀን ይቅርታ ቢለኝ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ቢለኝ ያኔውኑ እነግረዋለሁ። ይጸጽትሻል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ይጸጽተኛል። ጸጸቱ ግን ንዴቴን አላሸነፈውም።

ትናንት ሲመጣ ጠየቅኩት። «ወንድምጋሼ፣ ያ ሸምሱ ትዝ ይልሃል?»

እያኘከ ትንሽ አሰበ። «የቱ ሸምሱ?» አለኝ።

ሌላ ጉርሻ ጠቀለልኩለት።