ከካሣ ጎን የተገዛ ቦታ

አሰብ ውስጥ አባይነሽን የማያውቅ ሹፌር ካለ፣ እሱ አሰብን በካርታ ብቻ ያያት ሹፌር ነው። ምግብ ቤቷ ከወደቡ በር ብዙ አይርቅም። አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ዓሣ በበርበሬ፣ ለጾመኛ ምስር። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። እጁን ሳይታጠብ ማዕድ የቀረበ ረዳት ካየች «ግሪሱን ለእናትህ ይዘህላት ሂድ!» ብላ ከነጓደኞቹ ታባርራለች። ክፉ ነበረች፤ ምን ልበል? የሞተ ሰው አላማም፣ እሷ ግን አልሞተችምና ልናገር።

ይህች ክፉ ሴት በዚህች ዓለም ላይ አንድ ሰው ትወድ ነበር፤ ካሣን። ካሣ ተሳቢ ይነዳል። ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አሰብ። የዚያ መንገድ ሹፌር ነገር መቼም የታወቀ ነው፤ ደጋ ላይ አንዲት፣ ቆላ ላይ አንዲት። የሰማኒያ ሚስቱ ዘነበች ደጋው ላይ፣ ኩታበር ሆና፣ ልጆቹን ታሳድጋለች፤ አባይነሽ ደግሞ አሰብ ላይ ላቡን ታጥብለታለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ካሣ ፊት ለፊት አንዲት የወርቅ ጥርስ ነበረችው። አባይነሽ እሷን ለማየት ስትል የማታውቀውን ቀልድ ሁሉ ታወራለታለች፤ እሱም ከት ብሎ ሲስቅ ያች ጥርሱ ብልጭ ትላለች፣ ያኔ ሴትዮዋ ያችን ቀን ሰውን አትሳደብም።

በ1973 ዓ.ም.፣ በሰኔ፣ ካሣ ጭነት ለማራገፍ ተራ ሲጠብቅ ከጋቢናው ወደቀ። ሙቀት ይሁን ልብ ያወቀ የለም። አሰብ ላይ ሬሳ አያድርም፤ ጠዋት ሞቶ ከሰዓት በኋላ በሰሌን ተጠቅልሎ በማዘጋጃው መካነ መቃብር ተቀበረ። ዘነበች የሰማችው በስምንተኛው ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን አባይነሽ የጆሮዋን ወርቅ ሸጣ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። የመቃብር መዝገቡን የሚይዘው የአገሬው ልጅ ዓብዱልናስር ነበር፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ መዝገብ እንደ ቁርዓን በሁለት እጁ የሚገልጥ ሰው።

«ካሣ ያለበትን ጨምረህ ሁለት ቦታ ስጠኝ» አለችው። «ጎን ለጎን።»

«ሁለተኛው ለማን ነው፣ እትዬ አባይነሽ?»

«ለኔ።»

«በሕይወት ላለ ሰው አንሸጥም። ለባልና ሚስት ካልሆነ በቀር።»

«ታዲያ እኔ ምኑ ነኝ?»

ዓብዱልናስር ቀና ብሎ አያት። ብዕሩን አነሣና «ሚስት» ብሎ ጻፈ። ካሣ በአሥራ አንድ ዓመት ያልሰጣትን ቃል ጸሐፊው በአንድ ደቂቃ ሰጣት። 214 የካሣ፣ 215 የሷ ሆነ። በካሣ ወዲያኛው ጎን፣ 213 ላይ፣ በዚያው ሳምንት ከመርከብ ወድቆ የሞተ ስሙ ያልታወቀ ኩሊ ተኝቷል፤ እሱንም ማዘጋጃው በሰሌን ቀብሮታል። ለሁሉም የቁጥር ሰሌዳ ከላሜራ ተቆርጦ በሽቦ ታሰረላቸው።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ያች ሴት የካሣ መቃብር አሽከር ሆነች። የባሕሩ ነፋስ ጨው ነው፤ ብረት ይበላል። የተከለችለትን የብረት መስቀል በየስድስት ወሩ ትፍቀውና ከወደብ ሠራተኞች በአንድ ሳህን ዓሣ በለወጠችው የመርከብ ቀለም ትቀባዋለች። ከባሕር ዳር ነጭ ድንጋይ በጆንያ ተሸክማ ዙሪያውን ደረደረች። ፍየል ታባርራለች፣ አሸዋ ትጠርጋለች። ሲደክማት በራሷ ቦታ ላይ ቁጭ ብላ የሳምንቱን ሐሜት ታወራለታለች፤ ማን እንደታሰረ፣ ማን ለዘመቻ እንደተወሰደ።

ጎረቤቷ ኻዲጃ ትስቅባት ነበር። «አንቺ ሴት፣ እኛ ድንጋይ ደርድረን ለአላህ እንተወዋለን። ምን ያንገላታሻል?»

«እናንተ ግመሉንም ትተዉታላችሁ፣ ራሱ ይመጣል» ትላለች አባይነሽ። «የኔ ሰው ሲተዉት የሚሄድ ነው።»

እውነቷን ነው። በ1980፣ ሰባተኛ ዓመቱ ሲደርስ፣ ዘነበች በጭነት መኪና ተጭና፣ የካሣን ወንድም ሙሉአለምን አስከትላ፣ ማኅተም ያለበት የቀበሌ ገበሬ ማኅበር ደብዳቤ ይዛ ማዘጋጃ ቤት ከች አለች። አባይነሽ ተጠራች። ሁለቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ዘነበች ሽበት ያወጣች፣ ፊቷ የተኮማተረ፣ ጀርባዋ ግን ቀጥ ያለ ሴት ነበረች።

«አፅሙን ከአባቶቹ ጎን ላሳርፍ ነው የመጣሁት» አለች።

«በቁሙ ሳለ የት ነበርሽ?»

«ልጆቹን ሳሳድግ።»

አባይነሽ ወደ ዓብዱልናስር ዞረች። «ዓብዱ፣ አንተ ነህ ሚስት ብለህ የጻፍከኝ!»

«የሷ የሰማኒያ ወረቀት አለ፣ እትዬ አባይነሽ። ልከለክላት አልችልም። ቦታውን የገዛሽው አንቺ ስለሆንሽ ግን፣ ነገ ማለዳ አንድ ሰዓት መጥተሽ ‹ይኸው ይህ ነው› ብለሽ ታሳያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ።»

ዘነበች ከደጅ ስትወጣ መለስ አለች። «ያንቺን ጉድጓድ አልወስድብሽም፤ አይዞሽ። ለብቻሽ ተኚበት።»

ይህን ባትል ኖሮ! አንዳንድ ቃል አለ፣ ከአፍ ወጥቶ ሰው ቤት ገብቶ እሳት የሚለኩስ።

አሰብ ላይ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ቢሮው ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ ውሻው እንኳ ከመኪና ሥር አይወጣም። አባይነሽ በዚያች ፀሐይ ወደ መቃብሩ ሄደች። ዘበኛው ጥላ ውስጥ ያንኮራፋል። የካሣን መስቀል በነጠላዋ ጠቅልላ ነቀለች፤ ብረቱ እንደ ምጣድ ግሎ ነበርና ነጠላውን አልፎ መዳፏንም አውራ ጣቷንም ላጠው። ጥርሷን ነክሳ ጎትታ ኩሊው ላይ ተከለችው። ነጩን ድንጋይ አንድ በአንድ ተሸክማ አዛወረች። ሽቦውን ፈትታ ሰሌዳዎቹን አለዋወጠች፤ 214 ወደ ኩሊው፣ 213 ወደ ካሣ። አሸዋውን በእግሯ አስተካከለች።

«አንተ ስም የለሽ» አለችው ኩሊውን፣ ላቧን እየጠረገች። «ዕድልህ ነው፤ ደጋ ልትወጣ ነው። እንግዲህ ካሣ ሁን።» ለካሣም «ዝም በል፣ እነሱ ሲሄዱ እመልስልሃለሁ» አለችውና ወደ ቤቷ ተመለሰች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ማለዳ ሁሉም ተሰበሰቡ። የቀን ሠራተኛው ንጋቱ ቱታውን ለብሶ ቆፈረ። አጥንቱ ሲወጣ ሙሉአለም አዲስ አቡጀዲ ዘርግቶ ተቀበለ። ዘነበች ራስ ቅሉን በሁለት እጇ ያዘች፣ አፈሩን በነጠላዋ ጠረገች፣ ግንባሩን ሳመች። «ካሣዬ፣ ካሣዬ፣ ጨው ውስጥ ጣልኩህ!» እያለች ደረቷን ደቃች። አባይነሽ ሳቋ መጣና ነጠላዋን ነከሰች፤ ያዩዋት ሁሉ አለቀሰች ብለው አዘኑላት። ወይ ሰው!

ዘነበች ድንገት ልቅሶዋን ቆርጣ መንጋጋውን ወደ ፀሐይ አዞረችው። «የወርቅ ጥርሱስ?»

ሁሉም አባይነሽን አየ። እሷ ዓይኗን አላረገበችም። «መኪናው ተሰብሮ ሥራ የፈታ ጊዜ አስነቅሎ ለየመን ነጋዴ ሸጣት።»

«ውሸት! ሳይነግረኝ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! የካሣ አፅም ይመስክርብኝ!»

«አስነቅለሽ በልተሻታል! የሰው ጥርስ እንኳ የማይቀርሽ!» ብላ ዘነበች ተነሣችባት፤ ሙሉአለም መሀል ገባ። ዓብዱልናስር ግን መዝገብ ነውና ጻፈ፦ «የወርቅ ጥርስ፤ ሟቹ በሕይወት ሳለ ተሸጧል።» አባይነሽ ማንበብ አትችልም፤ ሰውየው አነበበላት። በቆሰለው አውራ ጣቷ ቀለም ነክታ አተመች። ያማል፤ ግን አተመች።

አጥንቱ ተጭኖ አባይነሽ አለቀ ስትል፣ ዘነበች መስቀሉን አየች። «ይሄንንም ጫኑልኝ፤ የባሌ ነው» አለች። ሙሉአለም ነቀለው። ዓብዱልናስርም ሽቦውን ፈትቶ የ214ን ሰሌዳ በብብቱ ሥር አደረገ። የተለቀቀ ቦታ ለማዘጋጃው ይመለሳላ! አባይነሽ መስቀሏም ሰሌዳዋም ሲሄድ ቆማ አየች። ካሣ በድሃው ቁጥር፣ ያለ መስቀል፣ ባዶ አሸዋ ሥር ቀረ።

«ይሁን» አለች ለራሷ። «የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ለሌላው ምን ቤቱ ነው?»

ወር ሳይሞላ አንድ ሹፌር ከኩታበር ደብዳቤ አመጣላት። ምግብ ቤቷ ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበላት። ተዝካሩ አምሮ እንደወጣ፣ አገሩ ሁሉ ወጥቶ እንደተቀበለው፣ ካሣ ከአባቱ ጎን እንዳረፈ ይላል። «ሰባት ዓመት ስለጠበቅሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። በጥርሱ ነገር የተናገርኩሽንም ይቅር በይኝ» ይላል መጨረሻው። አባይነሽ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ጓዳ ገብታ «ኩሊ ነው የቀበርሽ!» አለች ለድስቱ። አንድም አልጸጸታትም። ቢጸጽታት ኖሮ እኔም ዛሬ ትንሽ ባዘንኩላት።

በዚያው ዓመት ከሰሜን በመርከብ የሚመጣው ቁስለኛ በዛ፤ ከቁስለኛው የሚተርፈው አነሰ። መቃብሩ ጠበበ። ማዘጋጃው የድሆች ረድፍ እንዲነሣ ወሰነ፤ ባለቤት የሌለው፣ ሰባት ዓመት የሞላው ሁሉ አፅሙ ወደ ጋራ ጉድጓድ ይግባ፣ ቦታው ለአዲስ ሬሳ ይለቀቅ። ማስታወቂያው ቢሮው በር ላይ ሁለት ሳምንት ተለጥፎ ነበር። አባይነሽ በዚያ በር ስንቴ አለፈች! ማንበብ ለማትችል ወረቀት ወረቀት ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጀሪካኗን ይዛ ስትመጣ ንጋቱ 213 ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ አገኘችው። አጠገቡ ጆንያ፣ ጆንያው ውስጥ አጥንት። ዓብዱልናስር ጃንጥላ ይዞ፣ መዝገቡን ዘርግቶ ቆሟል።

ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። «ካሣ ነው! ውጣ! ካሣ ነው!»

«እትዬ አባይነሽ፣ ካሣን ባለቤቱ ወሰደችው።»

«ለውጬው ነው! በገዛ እጄ ለውጬው! የወሰደችው ኩሊውን ነው፣ ዓብዱ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ!»

ሰውየው በሐዘን አያት። አእምሮዋን ነክቷታል ብሎ አሰበ። እንደዚህ ያለ ብዙ አይቷል። በዚህ መሀል ንጋቱ መንጋጋውን ብድግ አድርጎ በአውራ ጣቱ ጠረገው። ብልጭ አለ።

«ይኸው! ይኸው ጥርሱ!» ብላ ጮኸች። «እዩ! አፅሙ መሰከረ!»

ዓብዱልናስር ወርቁን አየ፣ እሷን አየ፤ ሐዘኑ ከፊቱ ጠፋ። ገጹን ገልጦ ጣቱን አስቀመጠበት። «‹በሕይወት ሳለ ተሸጧል›። ጣትሽ ይኸውና። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለሽ ምለሻል።»

«ዋሸሁ!»

«ያኔ ነው የዋሸሽው ወይስ አሁን? ወርቅ ስታዪ ነው ካሣ የሆነው?»

«ወርቁን ውሰዱት! አጥንቱን ስጡኝ! እዚህ፣ ጎኔ፣ የገዛሁት ቦታ ላይ…» ብላ ጆንያውን ያዘች። ንጋቱ ጎትቶ አስለቀቃት።

«ባለቤት የሌለው አፅም ለግለሰብ አይሰጥም» አለ ዓብዱልናስር፣ መዝገቡን እየዘጋ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንቺ ቦታ ግን አይነካም። ሚስት ተብሎ ተጽፏል።»

ጸሐፊው ዘወር ሲል ንጋቱ ያችን የወርቅ ጥርስ ከመንጋጋው በጉጠት ነቀለና ቱታው ኪስ ውስጥ ከተታት። መንጋጋውን ጆንያው ውስጥ ወረወረው። ካሣ ከሠላሳ ስም የለሾች ጋር ጋራ ጉድጓድ ገባ፤ የቱ አጥንት የማን እንደሆነ ከእንግዲህ አንድዬ ይለየው። ከሰዓት በኋላ 213 ላይ አንድ አሥር አለቃ ተቀበረ።

ንጋቱ ያችን ጥርስ አልሸጣትም። ጥርስ ሠሪ ዘንድ ሄዶ አስተካክሎ ራሱ አፍ ላይ አስተከላት። ከዚያም፣ ድፍረቱ ወይም ድንቁርናው፣ ምሳውን አባይነሽ ቤት ይበላ ጀመር። እጁን ሳይታጠብ፣ የመቃብር አፈር በጥፍሩ እንደያዘ። ሹፌሮቹ ዛሬ ታባርረዋለች፣ ነገ ታባርረዋለች እያሉ ጠበቁ። አላባረረችውም። በር አጠገብ፣ ብርሃን የሚገባበት ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ትልቁን ዓሣ ለሱ ታወጣለች። ከዚያ ጭልፋዋን ይዛ ፊቱ ቆማ፣ ያን ለካሣ ታወራው የነበረውን ቀልድ ሁሉ አንድ በአንድ ታወራለታለች፣ እስኪስቅ ድረስ።