የሰዲቅ እርሳስና ያመለጠው ኒካሕ

መካነ ሰላም ውስጥ ካርቡሬተሩ ቤንዚን እያጥለቀለቀ ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ ዱዓ ያደርጋል፤ ካልሆነለት ሰዲቅ ዘንድ ይሄዳል። ሰዲቅ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሮ የቀረውን ከሞተር ነው የተማረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን አጠፋሁ ብሎ አያውቅም። አላጠፋም ማለት አይደለም፤ ብሎ አያውቅም ነው።

ባለፈው ወር የቁርኣን አስተማሪው ሸኽ ሷሊህ አሮጌ ፒካፓቸውን አመጡለት። ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ዳገት ላይ ትጠፋለች። ሰዲቅ ካርቡሬተሩን ፈታ። ውስጡ፣ ቤንዚኑ ላይ የምትንሳፈፍ፣ ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን የምታዘጋ የነሐስ ኳስ አለች። ጆሮው ሥር ነቀነቃት፤ ውስጧ ቤንዚን ተንቦጫቦጨ። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲነክራት አረፋ ወጣና ቀዳዳዋ ተገኘች። አንጠፍጥፎ፣ አድርቆ፣ በቀለጠ እርሳስ ደፈናት።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። ግን ሸኹ ቆመው እያዩ ነውና፣ የሰነፍ ሥራ እንዳይመስልበት ደገመ። ሸኹ "ማሻአላህ!" ሲሉ ሠለሰ።

ሸኹ የሟች ወንድማቸውን ልጅ የሩፋይዳን ኒካሕ ሊያስሩ፣ በአባቷ ፈንታ ሊድሯት ወደ ኩታበር ወጡ። ወንድማቸው ሳይሞት የገቡለት ቃል ነው። ገና አቀስታ ሳይደርሱ ፒካፗ ዳገት ላይ ቀጥ አለች። ኩታበሮች ጠብቀው ጠብቀው በሌላ ሰው አሳሰሩ። ሸኹ በጭነት መኪና ተጎትተው ተመለሱ፤ ፒካፗን ሰዲቅ ጋ ትተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሰዲቅ ብቻውን ሆኖ ኳሷን ፈትቶ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣላት። እስከ አንገቷ ሰመጠች። ከብዳለች፤ መግቢያውን በጊዜ አልዘጋችም። ሸኹ ደውለው "ምን ሆና ነው?" ሲሉት ግን፣ "ቤንዚኑ ነው ሸኹ፣ ውሃ አለበት" አለ። ቤንዚኑ በዛች ከምትባል፣ በጄሪካን ከምትቸረችር ሴት እንደተገዛ ያውቃል።

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ሀሊማ "ጨጓራህ ነው" ብላ ተልባ በጠበጠችለት። ጠጣ። ጨጓራው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ሸኹ መጡ።

"ሰዲቅ፣ አፉ በለኝ።"

"ምን አጠፉና ሸኹ?"

"ዳገቱ ላይ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ረገምኩህ። ለካ አንተ የለህበትም።"

ሰዲቅ ካቻቢቴውን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ አዛወረ። "አፉ ብያለሁ" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

"አላህ ይስጥህ። በል እንግዲህ ቤንዚን ሻጯ በዛች ዘንድ ልሂድ። ያለ ባል ልጆች የምታሳድግ ሴት፣ ውሃ ትቀላቅላለች ብዬ አላስብም ነበር። ሰው ፊት አላዋርዳትም፤ ለብቻዋ ነው የምነግራት።"

በሩ ላይ ሲደርሱ፣ "ሸኹ!" አለ።

"አቤት።"

"እርሳሱ ነው።"

"የቱ እርሳስ?"

"እኔ የደፈንኩበት። በዛ። ማሻአላህ ሲሉኝ ደግሞ ጨመርኩበት። የሴትዮዋ ቤንዚን ንጹሕ ነው።"

ሸኹ ከበሩ ተመለሱ።

"እንግዲያው አፉ በለኝ ያልኩህን መልስልኝ።"

"መልሻለሁ።"

"እርግማኑስ?"

"ባለበት ይቆይ፤ ይገባኛል።"

"እኔስ እሺ፤ ሩፋይዳ አጎቴ ናቀኝ ብላ አልቅሳለች። በል እርሳሱን ፋቀው። ኩታበር ሄደን አንተው ትነግራታለህ።"

ሰዲቅ ትርፉን እርሳስ በሞረድ ፋቀ፤ ኳሷ ጣሳው ላይ ቀልላ ተንሳፈፈች። መልሶ ገጠማትና ሸኹ አጠገብ ገብቶ ተቀመጠ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሠራት መኪና እንዳትነሳ ዱዓ አደረገ።

በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች።